አንቱ የተባለው ተከላካይ

ቡድን መሪው በዚያ ጧት በሕክምናው ክፍል በር ብቅ ብለው፣ በጠባቡ አልጋ ላይ በጀርባው የተንጋለለውን መሐል ተከላካይ ከላይ እስከ ታች ተመለከቱትና፣ «እንደምን አደሩ? ጉልበትዎ እንዴት ነው?» አሉት።

በአጠገቡ ባለው አልጋ ላይ ቁርጭምጭሚቱን በበረዶ አስይዞ የተቀመጠው ግብ ጠባቂ፣ ምናልባት አንድ ትልቅ ሰው ከኋላቸው ገብቶ እንደሆነ ብሎ አንገቱን አስግጎ ወደ በሩ ተመለከተ። የገባ ሰው አልነበረም። አንቱ የተባለው አጥር ነበር።

አጥር ቅጽል ስሙ ነው። ደጋፊው ያወጣለት፣ የትከሻውን ስፋት አይቶ፣ ይህን ሰው ዘልሎ ያለፈ አጥቂ የለም ለማለት ነው። እውነቱን ለመናገር ዘልለውት ያለፉት ጥቂቶች አልነበሩም፤ ደጋፊ ግን ስም ሲያወጣ ምስክር አይጠራም። ቡድን መሪው ደግሞ ለተጫዋች አንቱታ ከአፋቸው ወጥቶ የማያውቅ ሰው ናቸው። የልጆች አባት የሆነውን አምበሉን እንኳ «አንተ ዝንጉ» ነበር የሚሉት። አጥርን ሲጠሩት «አንተ ግንድ» ይሉታል። ስድባቸው የአባት ስድብ ስለ ነበረ፣ አንድ ቀን ሳይሰደብ የዋለ ተጫዋች የተረሳ ይመስለውና ይከፋው ነበር።

«ማለቴ…» አሉ ቡድን መሪው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው። «እንዴት አደርክ አንተ ግንድ? ደስ የሚል ወሬ ይዤልህ መጥቻለሁ። እሑድ ከተጠባባቂዎቹ መካከል ነህ።»

ይህን ብለው፣ እንደ ልማዳቸው ወንበር ስበው ሳይቀመጡ፣ የማንንም መልስ ሳይጠብቁ ወጡ።

አጥር በልጅነቱ የቤቱን ሬዲዮ ውስጡን ለማየት ፈትቶ መልሶ መግጠም ስላቃተው የተገረፈ፣ ቢገረፍም ከዚያ ጠባይ ያልተላቀቀ ሰው ነበር። ነገሩ ካልገባው እህል አይወርድለትም። አሁንም ደስ አለው፤ እንዴትስ ደስ አይለው! ከደስታው ሥር ግን አንድ ነገር ቆረቆረው። የማዕዘን ምት ሊያወጣ ዘልሎ ሲወርድ እግሩ ሣሩ ላይ ቀርቶ ሰውነቱ የዞረ ጊዜ፣ ከጉልበቱ ውስጥ የሰማው ድምፅ እርጥብ ጨርቅ ሲቀደድ የሚሰማው ዐይነት ነበር፤ ያንን አልረሳውም። ከዚያ ወዲህ ሐኪም ያየው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ጉልበቱ በመሣሪያ ይታይ ተባለ፤ «በሚቀጥለው ሳምንት» የተባለው ቀጠሮ ግን ከሳምንት ሳምንት እየተንከባለለ ወራት አለፉ። አሁን ይራመዳል፤ ቀጥ ብሎም ይሮጣል። በድንገት የዞረ እንደሆነ ግን ጉልበቱ ይከዳዋል። እንዲህ ያለውን ጉልበት ማን ዐይቶ፣ ማን መርምሮ ነው ለእሑድ ያጨው?

«ድኛለሁ ማለት ነው?» ብሎ ጉልበቱን የሚያሸውን ወጌሻ ጠየቀው።

የቡድኑ ወጌሻ ቀጭን፣ ጥቂት የሚናገር፣ ልብሱ ሁሉ ቅባት ቅባት የሚሸት ሰው ነው። መዳፉን በጉልበቱ ላይ አሳርፎ ማሸቱን ቀጠለ።

«ተሽሎሃል።»

«ድነሃል በለኛ!»

«ተሽሎሃል አልኩህ እኮ።»

«ሁለቱማ ይለያያሉ።»

«ሰዋስው ልታስተምረኝ ነው? ይልቅ እግርህን ዘርጋ።»

«ተወው እባክህ» አለ ግብ ጠባቂው፤ «አንቱ ከተባለ ወዲህ ምሁር ሆኗል።»

ሦስቱም ሣቁ። አጥር ግን እየሣቀም ቢሆን ልብ አለ። የዳነ ሰው ከሕመሙ ተለያይቷል፤ የተሻለው ግን ገና ከሕመሙ ጋር ነው፤ ሕመሙ ለጊዜው ድምፁን ዝቅ አደረገለት እንጂ አልተወውም። ወጌሻው ከሁለቱ ቃላት አንዱን መርጦ ነበር፤ ሲመርጥም ዐይኑን ከጉልበቱ ላይ አላነሣም።

አጥር የሚኖረው ከታላቅ እኅቱ ጋር ነው፤ ፊት ለፊቱ የልብስ ስፌት ቤቷ፣ ከመጋረጃው በስተ ጀርባ ደግሞ መኖሪያቸው ነው። እኅቱ አሳድጋዋለች ማለት ይቻላል። ምላሷ ከመቀሷ የማይተናነስ፣ ሥራዋን ሳታቋርጥ ሰው የምታዳምጥ ሴት ናት። የሆነውን ሲነግራት ክር በጥርሷ ይዛ ነበርና፣ በጥሳ ተፋችውና የስፌት መኪናዋን አቆመች።

«ማንን ነው አንቱ ያሉት? አንተን? እኔ ካልሲህን የማጥብልህን?»

«እኔን፣ እታለም።»

«እግዚኦ! ሹመት ነው ወይስ ሞት?»

«ምነው እታለም፤ ደግ ደጉን አትናገሪም?»

«አትቆጣ። እኔ የደረሰብኝን ነው የምልህ። ከልብስ ፋብሪካው ያስወጡኝ ዕለት ያ አለቃችን ‹እመቤት› ብሎ ጠራኝ። ‹አንቺ፣ ነይ! አንቺ፣ ሂጂ!› ሲለኝ ኖሮ፣ እመቤት! ደስ ብሎኝ ወንበር ልስብለት ነበር። ወንበሩን ሳልስብ ነገሩን ጨረሰው።» መኪናዋን መልሳ አንቀሳቀሰች፤ መልሳም አቆመችው። «ስማ፣ ከአንተ በፊት አንቱ ያሉት ተጫዋች አለ?»

አጥር የለም ሊል ሲል ትዝ አለው። አንድ ሰው ነበረ። ጥይቱ የሚባለው የቀኝ ክንፍ ተጫዋች ጉልበቱን ታሞ ብዙ ከቆየ በኋላ ወደ ጨዋታ ሲመለስ፣ ቡድን መሪው አውቶቡሱ በር ላይ ቆመው፣ «ይለፉ፤ ከፊት ይቀመጡ» ብለውት ነበር። ተጫዋቹ ሁሉ በሣቅ ፈረሰ፤ እስከ ሜዳው ድረስም ጥይቱን «ክቡርነትዎ» ሲሉት ሄዱ። በዚያ ዕለት ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ተቀይሮ ገባ። በሚቀጥለው ልምምድ ግን በመልበሻው ክፍል የእሱ ማንጠልጠያ ላይ የሌላ ሰው ፎጣ ተሰቅሎ ነበር።

አጥር ያን ጊዜ ምንም አልጠየቀም፤ የጠየቀም አልነበረም። ጓደኛ ይሄዳል፤ የማሊያው ቁጥር ለሌላ ይሰጣል፤ ጨዋታው ይቀጥላል። የታመመ ተጫዋች እንዴት እንደሚሰናበት፣ በየትኛው ክፍል፣ በማን አፍ፣ በምን ቃል እንደሚነገረው፣ ይህን ሁሉ ዘመን ኳስ ሲጫወት ኖሮ አንድም ቀን አለማሰቡ እሱን ራሱን አስገረመው።

በማግሥቱ ከልምምድ በኋላ ጥይቱን ፍለጋ ሄደ። ያገኘው ከአንድ ትልቅ መንገድ ዳር በሚገኝ ጎማ ቤት ነው። ጥይቱ ወፍሯል፤ እጁ እስከ ክንዱ ጠቁሯል። ሠራተኞቹ ሁሉ ቁጢጥ ብለው ሲሠሩ እሱ ብቻ በተነባበሩ አሮጌ ጎማዎች ላይ፣ አንድ እግሩን ፊት ለፊት ዘርግቶ ተቀምጦ ነበር።

«አጥር! ማን አፍርሶህ መጣህ?»

«አንተን ላይ ነው የመጣሁት።»

«ውሸታም። እስካሁን የት ነበርክ?» ጥይቱ ሣቀ፤ ሣቁ ግን ቂም አልነበረበትም። «ተቀመጥ። እዚያ ላይ አይደለም፤ እሱ የሰው ጎማ ነው።»

አጥር ተቀመጠና፣ ዙሪያ ጥምጥም ሳይሄድ፣ «ቡድን መሪው አንቱ አሉኝ» አለው።

ጥይቱ በእጁ የያዘውን መፍቻ መሬት ላይ አኖረ።

«ለመቼ አሰለፉህ?»

«ለእሑድ፤ ተጠባባቂ ነኝ። አንተ ግን በምን ዐወቅክ?»

«እንዴት አላውቅ! ስማኝ። የተጎዳ ተጫዋች እስኪድን ድረስ አይሰናበትም፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። ማሳከም አለባቸው። ስለዚህ የማይፈልጉህ ከሆነ መዳን አለብህ። ለመዳን ደግሞ ሐኪም ቤት ረጅም ነው፤ ሜዳ አጭር ነው። ሊያልቅ ሲል ያስገቡሃል፤ ትሮጣለህ፤ ያገር ሰው ያይሃል። ሮጦ የታየ ሰው ታምሜአለሁ ቢል ማን ይሰማዋል? በማግሥቱ ተጠርተህ፣ ‹እንኳን ለዚህ አበቃዎ፤ ቡድናችን ለአገልግሎትዎ ያመሰግናል› ትባላለህ።»

«አንቱታውስ?»

«እሱ እንኳ ያስቃል። ሹፌሩ ነው የነገረኝ። ሰውየው የስንብቱን ቃል ፊት ለፊት መናገር ስለሚጨንቃቸው፣ አስቀድመው መኪና ውስጥ ብቻቸውን ሲለማመዱት ይሰነብታሉ። ‹እርስዎ፣ ለእርስዎ፣ ከእርስዎ› እያሉ። ከዚያ ሰውየውን ድንገት ሲያዩት ምላሳቸው ይቀድማቸዋል።» ጥይቱ ራሱን ነቀነቀ። «ክፉ ሰው አይደሉም። ያፍራሉ። የሚያፍሩበትን ነገር ግን አይተዉም።»

«ስትገባ ይህን ታውቅ ነበር?»

«ባውቅማ! ደስ ብሎኝ ነው የሮጥኩት። ሰዉ ሲያጨበጭብ ይሰማኛል፤ አንተም አጨብጭበህልኛል፤ አይቼሃለሁ። አንድ ኳስ ልከተል ዞርኩ፤ የቀረውን ጉልበቴን እዚያው ጨረስኩት።» የተዘረጋውን እግሩን በመዳፉ መታ አደረገው። «ከዚያ ወዲህ አልታጠፈም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«አትግባ።»

«ኮች ሲጠራኝ ምን ብዬ?»

«እሱን እኔን አትጠይቀኝ» አለ ጥይቱ፣ መፍቻውን እያነሣ። «እኔ ገብቻለሁ።»

እሑድ ደረሰ። ሜዳው ጢም ብሎ ሞልቷል። አጥር ታኬታውን አስሮ፣ ጃኬቱን ደርቦ፣ ከተጠባባቂዎቹ ወንበር ጫፍ ተቀመጠ። ከእሱ ቀጥሎ ወጌሻው ቦርሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ቡድን መሪው በወዲያኛው ጫፍ ናቸው። አሰልጣኙ መስመሩን ይዞ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ ይጮኻል። አጥር የሁሉንም ፊት ተራ በተራ ሲያጠና ቆየ፤ ማን ምን ያህል እንደሚያውቅ ከፊታቸው ማንበብ የሚችል መስሎት ነበር። ግን ከአሰልጣኙ ፊት ያገኘው ላብና ጭንቀት ብቻ ነበር።

ቡድኑ አንድ ለባዶ ይመራል። ጨዋታው ወደ ማለቂያው ሲቃረብ ተጋጣሚው ተነሥቶ መጣ፤ ኳሱ ከግቡ አፍ አልርቅ አለ። በዚህ ላይ አንዱ መሐል ተከላካይ ባቱን ይዞ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ያን ጊዜ ከደጋፊው መካከል አንድ ሰው ስሙን ጠራ፤ ሌላው ተቀበለ፤ ወዲያው ሜዳው ሁሉ፣ «አጥር! አጥር!» ይል ጀመር።

«አጥር፣ ተነሣ!» አለ አሰልጣኙ። «ልትገባ ነው።»

አጥር ተነሣ። ጃኬቱን አወለቀ። አራተኛው ዳኛ ጎንበስ ብሎ የታኬታውን ሶል አየለት። ሣሩ ተረግጦ ተረግጦ ይሸታል፤ ስሙ ከየአቅጣጫው ይመጣል፤ ከእግሩ ጣት እስከ ራስ ቅሉ ደስታ ወረረው። ያ ደስታ ውሸት አልነበረም፤ ክፋቱም እሱ ነው። ውሸት ቢሆን ኖሮ መግፋቱ ቀላል በሆነ ነበር። ሰው በሚጠላው ነገር ሲታለል ይነቃል፤ በሚወደው ነገር ሲታለል ግን አታላዩን አመስግኖ ይሄዳል። ጥይቱም እንዲህ ሆኖ ነው የገባው።

«ኮች» አለ፤ «አንድ ጥያቄ አለኝ።»

«አሁን?»

«ጥያቄው ለወጌሻው ነው። ድኗል ይበልና እገባለሁ።»

አሰልጣኙ የሰማውን ያልተረዳ መሰለ። ቡድን መሪው ግን ከወንበራቸው ተነሡ። «ምን ቀልድ ነው ይሄ! ግባ አንተ ግንድ!»

ወጌሻው ቦርሳውን ጨብጦ፣ «ተሽሎታል» አለ።

«እሱንማ ነግረኸኛል። ድኗል ወይ ነው የምልህ።»

«ይገባል ወይስ አይገባም?» አለ አራተኛው ዳኛ፣ የቅያሪውን ሰሌዳ አንሥቶ እንደያዘ። «ክንዴ ዛለ እኮ!»

ወጌሻው አሰልጣኙን አየ፤ ቡድን መሪውን አየ፤ በመጨረሻም በእጁ ሲያሸው የከረመውን ጉልበት አየ። ደፋር ሰው አልነበረም። እስከዚያች ቀን ድረስ «ተሽሎታል» በምትለው ቃል ሥር ተጠልሎ፣ አልዋሸሁም እያለ ራሱን ሲያጽናና የኖረ ሰው ነበር። አሁን ግን የሚያመልጥበት ቃል ጠፋው።

«አልዳነም» አለ። «ጅማቱ አልያዘም። ከዞረ ይወድቃል።»

አሰልጣኙ በዝግታ ወደ ቡድን መሪው ዞረ። «ድኗል ብለውኝ አልነበረም?»

ቡድን መሪው ተመልሰው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ጨዋታው መልስ የሚጠብቅ አልነበረምና፣ አሰልጣኙ እጁን አወራጭቶ የመስመር ተከላካዩን አስገባ። ሜዳው ውስጥ ያለው ሕዝብ ግን የተባባሉትን አልሰማም። ያየው አጥር ጃኬቱን መልሶ ሲለብስ ነው። ጥሪው ቀስ በቀስ ወደ ፉጨት ተለወጠ። ያለ ቦታው የገባው ልጅ ኳሷን ከራሱ በላይ አሳለፋት፤ አጥቂው አገባት፤ አንድ አቻ ሆነ። ከኋላ በኩል «ፈሪ!» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ባዶ የውኃ ጠርሙስም በጆሮው በኩል አለፈ። አጥር አልዞረም። እውነት ተናግሮ እንደ ወንጀለኛ አንገቱን ደፍቶ መቀመጥ ምን እንደሚመስል በዚያች ዕለት ዐወቀ፤ እንዲህ ይከብዳል ብሎ አላሰበም ነበር።

ጨዋታው እንዳለቀ ቡድን መሪው በመልበሻው ክፍል ኮሪደር ላይ ያዙት።

«አዋረድከኝ» አሉ። «በዚህ ዕድሜዬ፣ በአደባባይ።»

አጥር እየሄደ ሳለ ሊናደድ ተዘጋጅቶ ነበር። ፊታቸውን ሲያይ ግን ከንዴቱ ይልቅ ጥያቄው በለጠበት። «ጋሼ፣ ቃሉን መኪና ውስጥ ይለማመዱታል አሉ። እውነት ነው?»

አዛውንቱ አፈጠጡበት። «ማን ነገረህ?»

«ጥይቱ።»

«ጥይቱ… ደኅና ነው?»

«ጎማ ቤት ይሠራል። ተቀምጦ ነው የሚሠራው፤ ጉልበቱ አይታጠፍም።»

ቡድን መሪው በአንድ እጃቸው ግድግዳውን ተደገፉ። ከመልበሻው ክፍል የውኃ ድምፅ ይሰማል።

«እለማመዳለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ትእዛዙ ከበላይ ነው የሚመጣው። ሰውን በክፉ ቃል መሸኘት አልችልበትም። አክብሬ ልሸኘው ብዬ ነው።»

«ጥይቱን ጉልበቱን አሳክመው ቢሰድቡት ይመርጥ ነበር።»

«አንተ ደግሞ ልትፈርድብኝ?»

«አልፈረድኩም። እንዴት እንደሚደረግ ማወቅ ፈልጌ ነው።»

«እንግዲህ ዐወቅክ!» አሉ፤ ተቆጡ፤ ቁጣቸው ግን ብዙ አልራቀም። «በል፣ ነገ ሐኪም ዘንድ ትሄዳለህ፤ አሁንማ ሁሉም ሰምቷል። ደግሞ እንዳትሳሳት፤ የዳንክ ዕለት ትሰናበታለህ። የዛሬውን አይረሱልህም። ሌላ ቡድንም ቢሆን ይህን ሰምቶ አይወስድህም።»

«ከዳንኩ ያሰናብቱኝ፤ ደንቡም እሱ ነው» አለ አጥር። ከኳስ ሌላ የሚያውቀው ሥራ አልነበረውም። ቢሆንም የተናገረውን አልመለሰውም።

ቀጠሮው በዚያው ሳምንት ተያዘ። ቀዶ ሐኪሙ በመነጽሩ ላይ አሻግሮ የሚያይ፣ ለመሣቅ የማይቸኩል ሰው ነበር። የጉልበቱን ፎቶ በብርሃን በተሞላው ሰሌዳ ላይ ለጠፈው። እኅቱ ቦርሳዋን ታቅፋ ወንበሩ ላይ ቀረች፤ አጥር ግን ተነሥቶ፣ አፍንጫው ፎቶውን ሊነካ እስኪደርስ ተጠጋ።

«ይቺ ጥቁሯ ምንድን ናት?»

«እዚያ ጋ ጅማት መኖር ነበረበት» አለ ሐኪሙ። «አሁን የለም። እሱን ነው የምንሠራው።»

«ያንን ይዤ ነው ስሄድ የከረምኩት?»

«በእሑዱ ጨዋታ ብትጫወትበት ኖሮ እኔ ዘንድ የምትመጣው ለባሰ ነገር ነበር።»

እኅቱ ከንፈሯን መጠጠች። አጥር ግን ከፎቶው ዐይኑን አልነቀለም፤ አጥንቱን፣ በአጥንቶቹ መካከል ያለውን ክፍተት፣ ከወዲህና ከወዲያ የቀሩትን ጭረቶች በጣቱ እየተከተለ ያጠናል። ዕድሜውን ሙሉ የሮጠበት ነገር ይህን ይመስል እንደ ነበር ማንም ነግሮት አያውቅም።

«ዶክተር፣ ሲከፍቱት እንቅልፍ ያስተኙኛል?»

«ግድ አይደለም። ከወገብ በታች ብቻ ማደንዘዝም ይቻላል። ውስጡን የምናየው በካሜራ ነው፤ ከፈለግህ አንተም በቴሌቪዥኑ ታየዋለህ።»

«አበስኩ ገበርኩ!» አለች እኅቱ። «የገዛ ሥጋውን ሲበጣጥሱት ቁጭ ብሎ ሊያይ! አስተኙት ዶክተር፤ ይሄ ጤነኛ አይደለም።»

«እታለም፣ እኔ ካላየሁ ምን እንዳደረጉት ማን ይነግረኛል?»

«እኔ እነግርሃለሁ፤ ዳንክ እልሃለሁ።»

«እሱማ በኋላ ነው» አለና ወደ ሐኪሙ ዞረ። «ነቅቼ ልይ። ያ ቴሌቪዥን ግን ከተኛሁበት በደንብ ይታያል?»